ልታዘጋኝ የመጣችው ደንበኛ

ግሌኒስ ትሬዊን መጀመሪያ ሱቄ የገባችው ልትገዛ አልነበረም፤ ልታዘጋኝ ነው። የካቲት ነበር፤ ሙቀቱ የመንገዱን ሬንጅ ጫማ ላይ የሚያጣብቅበት ቀን። በዚያ ሙቀት ነጭ ጓንት አጥልቃለች፣ ባርኔጣ ደፍታለች፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ሆዷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። እንዲህ ለብሳ ሱቅ የምትመጣ ሴት ወይ ከቀብር እየተመለሰች ነው ወይ ጠብ ፈልጋለች።

«የሱቁ ባለቤት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«ባለቤቱ ባሌ ነው። ጓሮ ሥጋ እየከተፈ ነው። ጠቡ ግን ከኔ ጋር ቢሆን ይሻላል፤ የሱ እንግሊዝኛ ለጠብ አይሆንም።»

«ለጠብ አልመጣሁም» አለች፤ ፊቷ ግን ቲማቲም መሰለ። «የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ማኅበር ልኮኝ ነው። ስለ ሽታው።»

እኔ ኤርሲልያ ብሬሳን ነኝ። ከባሌ ከጉዌሪኖ ጋር ከጣልያን፣ ከፍሪዩሊ ተነስተን አደሌድ ከተማ፣ ቶረንስቪል ሠፈር ሱቅ ከከፈትን ያን ጊዜ ስምንት ዓመት ሆኖናል። ሳላሚ የሚባለውን ቋሊማ ራሳችን ሠርተን እናደርቃለን፣ የአሳማ ጭን በጨው አሽተን ለፕሮሹቶ እንሰቅላለን፣ ወይራ በበርሜል እንዘፈዝፋለን፣ ፎርማጆ መርከብ ሲገባ ከወደቡ እናመጣለን። ሱቃችን ከማኅበሩ አዳራሽ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ደንበኞቻችን ጣልያኖችና ግሪኮች፣ አልፎ አልፎም ፖላንዶች ነበሩ። የአገሩ ተወላጅ ግን በራችን ጋ ሲደርስ ወደ ማዶ ይሻገራል። ልጆቻቸው አፍንጫቸውን ይዘው ይሮጣሉ። በዚያው ሳምንት ደግሞ አንዱ እንቁላል ወርውሮ መስኮታችንን አበላሽቶት ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ፈገግ ስል ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ግን ፈገግታዬ አልቆ ነበር።

«የትኛው ሽታ?» አልኳት።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«እኔ ጋ ያለው ሽታ አንድ አይደለም። ያስቸገራችሁ ሳላሚው ነው? ደረቁ ዓሣ ነው? ፎርማጆው ነው? ከሆነስ የትኛው ፎርማጆ? ሱቁን በሙሉ አውጥቼ ልጥለው አልችልም። አጥፊውን ለይተው ካሳዩኝ ግን እንነጋገራለን።»

ሌላ ሴት ብትሆን በሩን በላዬ ላይ ወርውራው ትወጣ ነበር። ይቺ ግን ቆም ብላ አሰበች። ኋላ እንደተረዳሁት ግሌኒስ እንዲያ ነበረች፤ ጥያቄ ከጠየቋት መልስ ሳትሰጥ መሄድ አይሆንላትም።

«እንዴት አድርጌ ነው የምለየው?» አለች።

«በአፍንጫዎ። ይምጡ፣ ባንኮኒውን ይዙሩ።»

ዞራ ገባች። ደረቁን ዓሣ አቀረብኩላት። አሸተተችና «ይሄ የወደብ ሽታ ነው። ይሄ አይደለም» አለች። የወይራውን በርሜል ከፈትኩላት፤ ራሷን ነቀነቀች። ከጣሪያው የተሰቀለውን ሳላሚ ዝቅ አድርጌ አፍንጫዋ ሥር አደረግኩት። ረጅም ጊዜ አሸተተችው። «በርበሬ ነው ያለበት?»

«ቁንዶ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ወይን።»

«ይሄም አይደለም» አለች፤ ግን አንድ ጊዜ ደገመችው። አገልግል የሚያህለውን ፕሮቮሎኔ የተባለ ፎርማጆ አለፍነው። በመጨረሻ ጎርጎንዞላ የሚባለውን ፎርማጆ የከደንኩበትን ብርጭቆ ሳነሳው ግሌኒስ ወደ ኋላ ተፈናጠረች።

«ይሄ ነው! ቄሱ አዳራሹ ውስጥ እየሰበኩልን በመስኮት የሚገባው ይሄ ነው!»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በእግዚአብሔር ፊት እምላለሁ።»

«እንግዲያው ወንጀለኛው ተያዘ» አልኳት። «ግን ሰውን በጠረኑ ብቻ አይፈርዱበትም። ፎርማጆንም እንደዚያው። ይቅመሱትና ይፍረዱ።»

ጓንቷን አወለቀች። ከአንድ ፍሬ ፒር ስስ አድርጌ ቆረጥኩ፣ ጎርጎንዞላውን በቢላ ጫፍ ቀባሁበት፣ ሰጠኋት። መድኃኒት እንደምትውጥ ሴት ዓይኗን ጨፍና አፏ ውስጥ ከተተችው። አኘከች። ከዚያ ማኘኳን አቆመች። ዓይኗን ስትገልጠው እኔን ሳይሆን ግድግዳውን ነበር የምታየው።

«ሻጋታ አለበት» አለች።

«አዎ።»

«ሆን ተብሎ?»

«ሆን ተብሎ።»

ጓንቷን አጣጠፈች። «ለማኅበሩ ምንድን ነው የምላቸው?» አለች በመጨረሻ።

«እውነቱን ይንገሯቸው።»

ቦርሳዋን ከፈተች። «ሩብ ፓውንድ ስጪኝ» አለችኝ። እርስዎ ማለቱን ረስታው ነበር።

ለማኅበሩ ያለችው «ነገሩን እያጣራሁ ነው» ነበር። ማጣራቱ ወራት ፈጀ። በየሐሙሱ ትመጣለች። የገዛችውን ሁሉ ጓሮዋ ካለችው የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ከሳሙናው ጀርባ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ትደብቀዋለች። ባሏ መርቪን ምድር ባቡር ጥገና ነው የሚሠራው። በቤታቸው እሑድ የተጠበሰ በግ ይበላል፣ ሰኞ ያደረው በግ፣ ማክሰኞ የተፈጨው በግ፤ ሳምንቱ እንዲህ ያልቃል። አንድ ጊዜ ነጭ ሽንኩርት ገዝታ ብትገባ መርቪን አንስቶ በአጥር ላይ ወርውሮታል። ለምን ብላ ብትጠይቀው «የነሱን ነገር ቤቴ አልፈልግም» ብቻ ነበር ያላት።

ማስተማሩን ሥራዬ አድርጌ ያዝኩት። እልህም ነበረበት፤ ከነሱ አንዷን እንኳን ካሸነፍኩ ብዬ። «ሳትቀምሺ አትግዢ» እላታለሁ። «ካልቀመስሽ እኔ ልሸጥ የፈለግኩትን ነው የምሸጥልሽ።» ሞርታዴላ ወፍራም አድርጌ እንድቆርጥላት ስትጠይቀኝ «ዳቦ አይደለም፣ ስስ ሆኖ ነው የሚጣፍጠው» ብዬ እምቢ እላታለሁ። ፎርማጆውን ከማቀዝቀዣ አውጥታ ወዲያው እንደምትበላው ስትነግረኝ ጮህኩባት፤ ብርድ ላይ ያለ ፎርማጆ ተኝቷል፣ ቀድመሽ አውጪውና ይንቃ አልኳት። ለወር አትግዢ፣ የምትበዪውን ያህል ግዢና ተመለሽ፤ እኔ የትም አልሄድም እላታለሁ።

አንድ ቀን ያልተቆረጠ ድፍን ሳላሚ ሸጥኩላት። በሳምንቱ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። «ያ ነገር ላዩ ነጭ ሻጋታ ይዞ ነበር፤ በልብስ ሳሙና አጥቤ ነው ያስለቀቅኩት። አሁን ሳሙና ሳሙና ይላል።»

ጉዌሪኖ ይህን ሰምቶ ከጓሮ ቢላውን እንደያዘ ወጣ። «አጠበችው? በሳሙና?»

«ያ ሻጋታ እኮ ልብሱ ነው!» አልኳት። «ልብሱን ነው የገፈፍሽው!»

«ቢያንስ ንጹሕ ነው» አለች ግሌኒስ፤ ሦስታችንም ባንኮኒው ላይ ተደፍተን ሳቅን። ጉዌሪኖ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሲኞራ ሳሙና»፣ ወይዘሮ ሳሙና፣ ይላት ነበር። ደስ አላላትም፤ ግን አልተቀየመችም። ወር ሳይሞላ ተበቀለችው። ሌላ ሳላሚ ግማሹን ቆርጣ ይዛ መጣችና «ይሄ መሃሉ ገና ነው፤ ተጫንና እየው» አለችው። ተከራከራት፣ የአባቱንና የአያቱን ሥራ ጠራባት። ከዚያ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ጣቱ ሰመጠ። አብረውት የተሠሩትን ሌሎቹንም አውርዶ ወደ ማድረቂያው መለሳቸው።

መርቪን ቆርቆሮውን ያገኘው በክረምቱ መጀመሪያ ነው። የቀለም ብሩሽ ፍለጋ ማጠቢያ ክፍሉ ገብቶ ከሳሙናው ጀርባ እጁን ሰደደ። ግሌኒስ ወጥ ቤት ሆና ቆርቆሮው ጓሮ ካለው ድንጋይ ጋር ሲጋጭ ሰማች። ስትወጣ ፎርማጆው ሣር ላይ ተበትኗል፤ መርቪን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ላብ በላብ ሆኗል።

«ይሄ ነገር ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳይገባ» አላት።

በነጋታው ሱቄ መጥታ ከወትሮው እጥፍ ገዛች። ፎርማጆ፣ ሳላሚ፣ ወይራ፣ በዘይት የተቀመጠ የኮሸሽላ እምቡጥ የሚመስል ካርቾፊ። ትልቅ ሳህን ላይ አሰማምራ የምሳ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠችውና ባሏን ጠበቀች። ከዚያ በኋላ የሆነውን በማግስቱ ጠዋት ዘይት ቆርቆሮ ላይ ተቀምጣ ራሷ ነው የነገረችኝ።

መርቪን ገባ፤ ሳህኑን አየ። ወንበሩን አልሳበም።

«ምን ነበር ያልኩሽ?»

«ሰምቻለሁ ያልከውን። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርከኝም። አሥራ አራት ዓመት ጠየቅኩህ።»

«ስለማልፈልግ ነው።»

«ይሄ መልስ አይደለም፣ መርቭ። ዛሬ መልስ ትሰጠኛለህ፤ ካልሆነ ሳህኑ እዚሁ ነው።»

ያን ጊዜ ነገራት። በጦርነቱ በረሃ ላይ ተማርኮ ጣልያን አገር በካምፕ ታስሮ እንደነበረ ታውቃለች፤ ከዚያ በላይ ግን ተናግሮ አያውቅም። ረሃብ ነበር። አንድ ሃምሳ አለቃ ምሳው ሲደርስ ወንበሩን ሽቦው ጥግ ድረስ አምጥቶ ይቀመጣል። ሳላሚውን በሰንጢ እየቆረጠ፣ እነሱ እያዩት፣ ቀስ ብሎ ይበላል። ቆዳውን እየላጠ በሽቦው በኩል ይወረውርላቸዋል። ሰዎች ይሻሙበታል። አንዳንዶቹ አንነካም ብለው ጀርባቸውን አዙረው ይቆማሉ።

«እኔ ጀርባዬን አላዞርኩም» አላት መርቪን። «ተንበርክኬ ከአቧራው ላይ አንስቼ በልቻለሁ፤ አንድ ቀን ብቻ አይደለም። እሱም ይስቅ ነበር። ገባሽ አሁን? ያ ሽታ ሲመጣ እኔ አሁንም እዚያው እንደተንበረከክኩ ነኝ።»

ግሌኒስ እዚህ ላይ ስትደርስ አቋረጥኳት። «ምን አልሽው?» አልኳት።

«ሄጄ አቀፍኩት። እዚያ ብሆን ያንን ሰውዬ በወንበሩ ነበር የምመታው አልኩት። ለሱ አዘንኩለት፣ ኤርሲልያ፤ ከልቤ ነው። ከዚያ ሳህኑን አንሺው አለኝ።»

«አነሳሽው?»

«አላነሳሁትም።» ቀና ብላ አየችኝ። «ያ ሰውዬ ኤርሲልያ ሱቅ ውስጥ የለም አልኩት። እኔም እሱን አይደለሁም። አንተ የተራብከው ረሃብ ያንተ ነው፤ እኔ ግን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ምን እንደሆነ ሳላውቅ አብሬህ ስታሰር ኖሬያለሁ። አትብላ፤ ማንም ብላ አይልህም። የኔን ሳህን ግን ማንም ከጠረጴዛዬ ላይ አያነሳውም አልኩት። ልብሱን በሻንጣ ከትቶ እኅቱ ቤት ሄደ።»

አጥፍተሻል ልላት አልፈለግኩም፤ ደግ አድርገሻልም ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። የዚያ ሃምሳ አለቃ ቋንቋ የኔ ቋንቋ ነው። ምናልባት የኛ መንደር ሰው ይሆናል።

«አንቺ ብትሆኚ ታነሺው ነበር?» አለችኝ።

«እኔማ ባሌን ከወይራው ጋር በርሜል ውስጥ ነበር የምዘፈዝፈው» አልኳት። ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ መጣ።

ጉዌሪኖ የጓሮው በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። እጁን በሽርጡ እየጠረገ መጣ። «እኔን ሊቢያ ላይ የማረኩኝ የናንተ ሰዎች ናቸው» አላት። «እዚሁ አገር፣ ከወንዙ ዳር ካምፕ ነበርኩ። ጠዋት በግ፣ ቀን በግ፣ ማታ በግ። ማንም አልሳቀብኝም፣ ጠግቤ ነው ያደርኩት። ግን እስከ ዛሬ የበግ ሞራ ሽታ አልችልም። እሑድ እሑድ መንገዱ በሙሉ በግ በግ ሲል መስኮቴን ዘግቼ አልጋ ውስጥ እገባለሁ።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ «የሴቶች ማኅበር ግን አልላክሁባችሁም።»

በዚያው ወር ማኅበሩ የዓመቱን የከሰዓት ሻይ አዘጋጀ። እያንዳንዷ ሴት አንድ ሳህን ምግብ ይዛ መምጣት አለባት። ሰብሳቢያቸው ሚስስ ኦርምስቢ ትባላለች፤ ባሏ የእንጨት መጋዘን ያለው፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ሰውን የምታሳንስ ሴት። ግሌኒስን መንገድ ላይ አስቁማ «የዚያ ሱቅ ጉዳይ ከምን ደረሰ?» ብላታለች። ግሌኒስም «ቅዳሜ ዘገባዬን አቀርባለሁ» ብላታለች።

ዓርብ ሱቅ መጥታ «ነገ አብረሽኝ ትመጫለሽ» አለችኝ።

«አልተጠራሁም።»

«እኔ ጠርቼሻለሁ። ጥሩ ቀሚስሽን ልበሺ።»

ጥሩ ቀሚሴን ለበስኩ፤ ስምንት ዓመት ግድግዳውን ተጋርተን አዳራሹን ከውስጥ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ኬክ፣ የኪያር ሳንድዊች፣ የሚንቀጠቀጥ ቀይ ጄሊ ተደርድሯል። ግሌኒስ የሠርጓን ትልቅ ነጭ ሳህን መሃል አስቀመጠች። ፕሮሹቶው እንደ ሐር መሐረብ ተጣጥፏል፣ ሳላሚው በክብ በክብ ተነጥፏል፣ ወይራው ያብረቀርቃል፣ ጎርጎንዞላው ለብቻው ከፒር ጋር ተቀምጧል። ጠዋት አውጥታው ነበርና በደንብ ነቅቷል። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ወሬ ቀስ በቀስ ጠፋ።

ሴቶቹ ኬክ አነሱ፣ ሳንድዊች አነሱ። የኛ ሳህን አጠገብ ሲደርሱ እጃቸው ዘሎት ያልፋል። ሚስስ ኦርምስቢ መጣች፣ አየችን፣ በተለይ እኔን አየችኝ።

«ግሌኒስ፣ ውዴ፣ እኛ የላክንሽ ይሄን እንድታስቆሚ ነበር።»

«የላካችሁኝ የሚሸተውን እንዳጣራ ነው» አለች ግሌኒስ። ድምጿን ሁሉም እንዲሰማት ከፍ አደረገች። «አጣርቻለሁ። የሚሸተው ይሄ ነው። ስሙ ጎርጎንዞላ ይባላል። ሽታው እውነት ነው፤ ያሳበቀ ሰው አልዋሸም። ቅሬታ ያለው ሰው መጥቶ ይቅመስና ቅሬታውን ለኤርሲልያ በፊቷ ይንገራት፤ ይቺውና። ሳይቀምስ የሚያወራ ግን እኔ አልሰማውም።»

ማንም አልተነቃነቀም። ግሌኒስ ወንበር ሳበች፤ ለኔም ሌላ ሳበችልኝ። ተቀመጥን፤ መብላት ጀመርን። እንዲህ ሆኜ በልቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ ቆሞ እያየሽ መዋጥ ከባድ ነው። ግሌኒስ ግን ቤቷ እንደተቀመጠች ፕሮሹቶዋን በጣቷ አንስታ፣ ብርሃን ላይ አየት አድርጋ፣ ቀስ ብላ ትበላለች። አንገቷ ብቻ ቀልቷል።

ከጥግ የወንበር ድምፅ ተሰማ። ሚስስ ፒም፣ የማኅበሩ ትልቋ አሮጊት፣ በምርኩዟ እየተደገፈች መጣች።

«ጥርስ የለኝም» አለች። «የሚለሰልሰው የቱ ነው?»

ጎርጎንዞላውን በማንኪያ ሰጠኋት። ምላሷ ላይ አድርጋ ቆየች። አዳራሹ በሙሉ አፏን ያያል። «ኦ፣ ይሄማ አንድ ነገር ይላል!» አለችና ማንኪያውን መልሳ ዘረጋችልኝ። ከኋላዋ አንዲት ወጣት እናት ልጇን ታቅፋ መጣች። ከዚያ ሌላ አንዷ። ከዚያ በላይ አልመጣም፤ የቀሩት ከጄሊው ጋር ቆዩ።

«ግሌኒስ» አለች ሚስስ ኦርምስቢ እንደዚያው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከሰኞ ጀምሮ በማኅበሩ ውስጥ ቦታ ያለሽ አይመስለኝም።»

«ሰኞን ምን አስጠበቀኝ?» አለች ግሌኒስ። የቀረውን ምግብ ለሚስስ ፒም በወረቀት ጠቀለለችላት፣ ሳህኗን ብብቷ ሥር አደረገች፣ በአዳራሹ መሃል አልፈን ወጣን። ውጪ ስንደርስ የሱቄ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም አጠገቤ ተቀምጣ ሳህኗን ጭኗ ላይ አደረገች። «ባልም የለኝ፣ ማኅበርም የለኝ» አለች። «የቀረሽኝ አንቺ ነሽ፤ አንቺ ደግሞ ትጮሂብኛለሽ።»

ሚስስ ኦርምስቢ ዝም አላለችም። የጤና ተቆጣጣሪ መጣብን። ባንኮኒውን በጣቱ ዳሰሰ፣ በርሜሎቹን ከፈተ፣ የጓሮውን መስኮት ወንፊት ሽቦ አድርጉለት ብሎ ሄደ። አደረግንለት። ዝንቡን ከለከለው፤ ሽታው ግን በወንፊቱ እንደ ልቡ ያልፋል።

መርቪን የመጣው በአንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ልንዘጋ ስንል ነው። ብስክሌቱን ደግፎ ከበሩ ማዶ ቆመ፤ አልገባም። ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። ጉዌሪኖ በመስታወቱ አየው፣ ሽርጡን ፈታ፣ ውጪ ወጣ። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ሰማሁ።

«አንተ ነህ ጣልያኑ?» አለ መርቪን።

«እኔ ነኝ።»

«ግሌኒስ እዚህ አገር ምርኮኛ ነበርክ ብላኛለች።»

«ነበርኩ። በግ ታበሉን ነበር።»

«መጥፎ ነበር?»

«ምግቡ ብዙ ነበር። በጉ ነው መጥፎ።»

መርቪን ሊስቅ ብሎ ተወው። የብስክሌቱን መሪ አጥብቆ ያዘ። «እኔን የጠበቀኝ ሰው ምን ያደርግ እንደነበር ነግራሃለች?»

«ነግራናለች።»

«አንተ ብትሆን ኖሮ ትወረውር ነበር?»

እኔ ከበሩ ጀርባ፣ አልወረውርም በለው እያልኩ በሆዴ እለምነዋለሁ። «አልወረውርም ብዬ አምናለሁ» አለ ባሌ። «ግን ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ጠመንጃ ደግሞ ነበረኝ። አንተ እኔን ማመን የለብህም።»

«ይሄ ቢያንስ እውነት ነው» አለ መርቪን። ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ሄደ።

ማታውኑ ቤቱ ገባ። ግሌኒስ በሩ ላይ ሆና ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ እንደሚቆይ ነገረችው። «አውቃለሁ» አላት፤ ሻንጣውን አስገባ። እራት ሲቀርብ መስኮቱን ከፍቶ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ እንቁላሉን በላ። እሷ የራሷን በላች። ብዙ ወራት እንዲህ ኖሩ። መስኮቱ በብርድም ክፍት ነው፤ ግሌኒስ ካፖርቷን ደርባ ትበላለች እንጂ ሳህኑን አታነሳም። በዚያ መሃል ሚስስ ፒምና ያቺ ወጣት እናት ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት እሷ ዘንድ መምጣት ጀመሩ፤ በየሳምንቱ አንድ አዲስ ነገር ይቀምሳሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ያልወደዱትን ለኔ መልሰው ይልካሉ።

በቀጣዩ ዓመት መኸር ላይ ግሌኒስን ጉንፋን ጣላት። ሐሙስ ዕለት በሩ ተከፈተ፤ መርቪን የሚስቱን ዘንቢል ይዞ ገባ። ከደፉ ጀምሮ ትንፋሹን ዋጥ አድርጓል፤ ፊቱ ነጭ ነው።

«የተለመደውን» አለ።

«የተለመደው ብዙ ነው። የትኛውን?»

ዘንቢሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። «ያንን ጎርጎ... ሻጋታውን። ሩብ ፓውንድ።»

ልቆርጥ ቢላውን አነሳሁ። እግሩ ወደ በሩ ሊሮጥ ይፈልጋል፤ እሱ ግን አልሄደም። ዓይኑን ከቢላዬ ላይ አላነሳም።

«ከቆዳው ወዲህ ቁረጪው» አለኝ። «ባለፈው የሰጠሻት ቆዳው የበዛበት ነው ስትል ሳምንቱን ሙሉ ጆሮዬን በላችው።»

«ቆዳው የበዛበት? የኔ ፎርማጆ?» ቢላውን ባንኮኒው ላይ ተከልኩት። «ሂድና ንገራት! ድና ራሷ ትምጣና እዚሁ ትሟገተኝ!»

«እነግራታለሁ» አለ መርቪን። «አንቺ ግን ከቆዳው ወዲህ ቁረጪው።»